አፍቃሪውን ከመድረክ ማን አወረደው?

«ዘፈኑ ይቀነስ፤ ቁም ነገሩ ይጨመር።»

በቴአትር ሙያ ላይ ካለን ሰዎች መካከል ይህችን አጭር ፍርድ ያልሰማ ጥቂት ነው። አንዳንዴ በቀይ እስክሪብቶ በጽሑፋችን ኅዳግ ላይ ተጽፋ ትመጣለች፤ አንዳንዴም በግምገማ ስብሰባ ማብቂያ ላይ፣ ወረቀቱ ታጥፎ ሰው ሊነሣ ሲል፣ እንደ ወንድማዊ ምክር ጣል ትደረጋለች። የሚሰነዝሯት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ የተማሩና ለኪነ ጥበብ የሚቆረቆሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ፍርዲቱ በሆዷ ሁለት ስሕተቶች ተሸክማለች። የመጀመሪያው ዘፈን ቁም ነገር አይደለም ማለቷ ነው። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ ዘፈኑን ብሎ የሚመጣው ተመልካች ቁም ነገር አይገባውም ከሚል ንቀት መነሣቷ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም መሞገት ነው። የምሞግተው ግን ከውጭ ቆሜ አይደለም። እኔም ይህችን ፍርድ ተቀብዬ በሥራ አውያታለሁና አስቀድሜ የራሴን በደል መናገር ይገባኛል።

፩

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ስለሚሠሩ ሴቶች ተውኔት ጽፌ ነበር። ስድስት ዘፈኖች ነበሩት። ሴቶቹ በግልጽ ሊናገሩት የማይደፍሩትን ነገር፣ ይኸውም የደመወዛቸውን መዘግየት፣ የአንዲት ጓደኛቸውን ከሥራ መባረር፣ የአሠሪያቸውን ጠባይ፣ በሥራ ዘፈን እየጠቀለሉ ይነጋገሩበት ነበር። አሠሪው ብቅ ሲል ዜማው ሳይቋረጥ ቃሉ ብቻ ይለወጣል፤ ሲወጣ ቃሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። በመጨረሻው ትዕይንት ግን አሠሪው ገብቶ ከፊታቸው ቆሞ ሳለ ቃሉ ሳይለወጥ ይቀጥላል። የተውኔቱ ድርጊት በሙሉ ያረፈው በዚያ ባልተለወጠ ቃል ላይ ነበር።

ጽሑፉን የመረመሩት ሰዎች «ዘፈን የበዛበት፣ ወደ ሙዚቃ ዝግጅት የሚያደላ» የሚል አስተያየት ሰጡ። እኔም አራቱን ዘፈኖች ሰረዝሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ «ቁም ነገረኛ ጸሐፊ» መባል አምሮኝ ነው። በዘፈኖቹ ምትክ ረጃጅም ንግግሮች አስገባሁ። ሴቶቹ በዜማ ሸፍነው ይባባሉት የነበረውን ምሥጢር አሁን በመድረክ መሐል ቆመው በጠራ ድምፅ ይናገሩት ጀመር። ተውኔቱ ታየ፤ ተጨበጨበለት፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ወረደ።

ለተዋንያኑ ልብስ የአንገቱንና የእጅጌውን ጥልፍ ያለ ምንም ክፍያ የሠሩልን አንዲት እናት ነበሩ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዘፈን ያለበት ቴአትር ተከፍቶ የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። ጥልፉን ሲጠልፉ ከልምምዱ አዳራሽ ጥግ ተቀምጠው ስለ ነበር ስድስቱንም ዘፈኖች ሰምተዋል። በመጀመሪያው ምሽት መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ ሴቶቹን ምነው አስለፈለፍሃቸው? ድሮ እኮ ይዘፍኑት ነበር» አሉኝ።

«እትዬ፣ ዘፈኑ በዛ ተባለ» አልኋቸው።

«ማን አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ተውኔቱን ከነዘፈኖቹ ልመልሰው ስነሣ የሦስተኛው ዘፈን ዜማ ጠፋኝ። የዜማው ደራሲ በኖታ አልጻፈውም፤ ተዋንያኑም ተበታትነዋል። ወደ እኒያ እናት ቤት ሄድሁ። ኪሮሻቸውን ይዘው ዳንቴል እየሠሩ ነበር። ሥራውን ከእጃቸው ሳያወርዱ ዘፈኑን ከመነሻው እስከ መድረሻው አንጎራጎሩልኝ። አንድ ቦታ ላይ ዜማው እኔ ከማስታውሰው ጥቂት ታጠፈብኝና «ይኼ እንዲህ አልነበረም» አልኋቸው። ቀና ሳይሉ «እንዲህ ይሻላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ዛሬ የሚዘፈነውም እርሳቸው ባጠፉት መንገድ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። እኔ ባለሙያው ሰረዝሁት፤ ገምጋሚዎቹ አሰረዙት፤ የዜማው ደራሲ ሳይጽፈው ቀረ። ያቆየችውና ያሻሻለችው «ዘፈን ወዳድ» ተብላ የምትናቀው ተመልካች ናት።

፪

«ሙዚቃዊ ቴአትር የፈረንጅ ጣፋጭ ነው፤ ለእኛ ሕዝብ የሚያስፈልገው ጠንካራ ምግብ ነው» የሚል ክርክርም ይሰማል። ይህን የሚል ሰው የገዛ አገሩን በጥሞና አላየም። በማኅሌት ላይ ቃል፣ ዜማና ሽብሸባ ተለያይተው አያውቁም፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው የቃሉ ጌጥ ሳይሆኑ የቃሉ አካል ናቸው። በቡሄ ሰሞን በየደጁ የሚዞሩት ልጆች አውራጅና ተቀባይ አላቸው፤ ለባለቤቱ የሚያቀርቡት ውዳሴ፣ ሙልሙሉ ሲዘገይም የሚልኩት ወቀሳ አላቸው፤ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭትና መፍትሔ በአንዲት ደጃፍ ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል። ይህ ተውኔት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

የአዝማሪውን ቤት ደግሞ እንመልከት። አንዱ ታዳሚ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል፤ የራሱን ስንኝ ያወርዳል፤ አዝማሪውም በማሲንቆው ተቀብሎ ለቤቱ ሁሉ ያሰማዋል። ሌላው ከወዲያ ጥግ ይመልስበታል። በዚህ ቤት ውስጥ ደራሲው ማነው? ተመልካቹስ ማነው? ሌላው ዓለም «አሳታፊ ቴአትር» ብሎ በጥናት የደረሰበትን፣ የእኛ አድማጭ አንድ ቃል ብቻ ብሎ ሲገባበት ኖሯል።

ዘመናዊው ቴአትራችንም በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ጀምሮ ብዙ ሳይራመድ በዮፍታሔ ንጉሤ እጅ ገባ። ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ልጅ፣ ኋላም በአዲስ አበባ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በቅኔና በዜማ ያደገ ሰው ስለ ሆነ ግጥሙን፣ ዜማውንና ድርጊቱን ነጣጥሎ ሊያያቸው አልቻለም። በመድረክ ያቆማቸውም ደመወዝ የሚበሉ ተዋንያን ሳይሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ እኒያን ልጆች በግምገማ ወረቀታችን ላይ «አማተሮች» ብለን በጽፍናቸው ነበር።

የሀገር ፍቅር ማኅበርም በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ደጃችን በደረሰበት ሰዓት ሲመሠረት ሕዝቡን የቀሰቀሰው በንግግርና በዘፈን ነው። ከነጻነት በኋላም ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ አዝማሪዎችን ሰብስቦ ተውኔቱን፣ ዘፈኑንና ውዝዋዜውን በአንድ መድረክ አስተናገደ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤትም ቢሆን ተዋናዩንና ሙዚቀኛውን በአንድ ጣሪያ ሥር አኑሯል። አስናቀች ወርቁ ተዋናይትም ባለ ክራርም ነበረች። ከሁለቱ አንዱን ጣዪ ብሎ የሚያስገድዳት ቢኖር ኖሮ ከሁለት አንዷን ሳይሆን ሁለቱንም ባጣን ነበር፤ ክራሯ በትወናዋ ውስጥ፣ ትወናዋም በክራሯ ውስጥ ነበርና።

ወደ ውጭው ዓለም ብንሻገርም ክርክሩ አይቀናም። እ.ኤ.አ. በ1728 ጆን ጌይ በሎንዶን ያሳየው «የለማኞች ኦፔራ» ዜማዎቹን በአብዛኛው የለቀመው ሕዝቡ ቀድሞ ከሚያውቃቸው ዘፈኖች ነው፤ ሰው በመንገድ ሲያፏጨው የነበረውን ዜማ በመድረክ ላይ በአዲስ ቃል፣ ሹማምንትን በሚሸነቁጥ ቃል ሰማው። ልክ በሁለት መቶ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1928፣ ቤርቶልት ብሬሽትና ኩርት ቫይል ያንኑ ታሪክ ይዘው በበርሊን «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ»ን አሳዩ። ብሬሽት ዘፈንን ያስገባው ተመልካቹን ሊያስተኛ አይደለም፤ ታሪኩን ለአፍታ አቁሞ «ያየኸውን አስብበት» ሊለው እንጂ። ስለዚህ «ዘፈን ሐሳብን ያላላል» የሚለው ፍርድ በጎንደር አዝማሪ ቤትም በበርሊን መድረክም ረቺ አይሆንም።

፫

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት እንለፍ። አፍቃሪው የሚናቀው በቴአትር አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በቤቱም ይናቃል። በእጁ የሚሠራውን ሁሉ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚል ስም ሰጥተነዋልና።

ይህን ሐረግ ቃል በቃል እንመርምረው። ለመሆኑ ትርፍ ጊዜ ያለው ማነው? ቀኑን በመሥሪያ ቤት፣ ማታውን በጓዳ የምትውል ሴት ዳንቴሏን የምታነሣው ልጆቿ ከተኙ በኋላ ነው። ያ ሰዓት ከእንቅልፏ ተቆርሶ የመጣ እንጂ ተርፎ የተገኘ አይደለም። ማሳለፊያ የሚለውስ? ሰው ጊዜን የሚያሳልፈው ሲሰለቸው፣ ቶሎ እንዲሄድለት ሲፈልግ ነው። በእጅ ሥራው ላይ ያጎነበሰ ሰው ግን ሰዓቱ እንዳይሄድበት የሚለምን ነው። እንግዲህ ከሐረጉ ውስጥ እውነት ሆኖ የሚቀረው «ጊዜ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ እርሱንም ከፍለው ያገኙት ባለቤቶቹ ናቸው።

የስፌት ሴት አክርማውንና ስንደዶውን አዘጋጅታ፣ አለላውን በቀለም ነክራ፣ ወስፌዋን ይዛ ትቀመጣለች። የሞሰቡን ጥለት በወረቀት አትነድፈውም። ስንት ጊዜ ቀይ፣ ስንት ጊዜ አረንጓዴ እንደሚዞር በልቧ ቆጥራ ታወጣዋለች፤ አንዲት ዙር ብትስት ከብዙ ዙር በኋላ ስሕተቱ ፊቷ ላይ ይወጣባታል። ይህ ቅንብር ነው። ፈታይቱ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቱን ስታሾር የእጇ ምት አለው፤ በወፍጮ ላይ ያጎነበሰችው እናት እንጉርጉሮዋን ከመጁ መሄድና መመለስ ጋር ታስማማዋለች። ይህ የሙዚቃ ምት ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አበባና ፀሐይ በቀለም ስሎ በየቤቱ የሚያድለው ሕፃን፣ የዘይት ጣሳና ሽቦ ፈልጎ ክራር የሚያበጅ የሰፈር ልጅ፣ የሰማውን ዘፈን ሁሉ በደብተር የሚገለብጥ ተማሪ፣ እነዚህ ሁሉ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው የሚፈጥሩ ሰዎች ናቸው።

በቴአትርና በእነዚህ እጆች መካከል ያለው ዝምድና የቅርብ ነው። የሚሠራ እጅ የሚያንጎራጉር አፍ አለው። ጥለት የሚቆጥር ሰው የዘፈን ምት ሲዛነፍ ቀድሞ ይሰማዋል፤ የተኮላተፈ ስፌት የሚያስቀይመው ሰው የተኮላተፈ ትዕይንትም ያስቀይመዋል። እኒያ እናት የተውኔቴን ጉድለት ከገምጋሚዎቹ አስቀድመው ያዩት ስለ ቴአትር ንድፈ ሐሳብ አንብበው አይደለም። ቀዳዳ ማየት የለመደ ዓይን ስላላቸው ነው። ስለዚህ በእጁ የሚፈጥር ተመልካች ከተመልካቾች ሁሉ የሚያስቸግረው፣ ስለሆነም የሚያስፈልገን ነው።

«አማተር» የሚለውን ቃልም ተበድረን አበላሽተነዋል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «አፍቃሪ» ማለት ነው። እኛ ግን «ያልበሰለ»፣ «ዝርክርክ» ለማለት ስድብ አደረግነው። ፍቅርን ስድብ ያደረገ ሙያ ዕድሜው ስንት ሊሆን ይችላል? የጥላሁን ገሠሠን ታሪክ እናስታውስ። የሀገር ፍቅር ሰዎች ወደ ወሊሶ ወርደው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ዝግጅታቸውን ሲያሳዩ እርሱ ዘፈን የሚወድ ተማሪ ብቻ ነበር። ፍላጎቱን ለኢዩኤል ዮሐንስ ነገረው፤ ኢዩኤልም «አንተ ገና ሕፃን ነህ» ብሎ አላባረረውም፤ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት እንዳለበት አመለከተው። ልጁም መጣ። ከአፍቃሪነት ወደ ሙያ የሚወስደው በር በዚያ ቀን ዝግ ቢሆን ኖሮ የጠፋው የአንድ ልጅ ምኞት ብቻ አይሆንም ነበር።

፬

ተቃዋሚዎቼ የያዙት እውነት የለም አልልም። እውነታቸውን ካልመለስሁላቸው ክርክሬ የተሟላ አይሆንም።

አንደኛው እውነታቸው መጥፎ ዘፈን መብዛቱ ነው። ታሪኩ ሲደክም የሚወረወር፣ ትዕይንት መለወጫ ጊዜ መሙያ የሚሆን፣ ትኬት ለማሸጥ ብቻ የታወቀ ድምፃዊ የሚያስገባ ተውኔት አለ። ይህን እኔም እቃወማለሁ። መድኃኒቱ ግን ዘፈኑን መቁጠር ሳይሆን መመዘን ነው። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ዘፈኑን አውጡትና ታሪኩን ተመልከቱት። ታሪኩ ምንም ሳይጎድለው ከሄደ ዘፈኑ ጌጥ ነበር፤ ይውጣ። ታሪኩ ካነከሰ ግን ዘፈኑ እግሩ ነበር። በአንድ ተውኔት አንድ ዘፈን ሊበዛ ይችላል፤ በሌላው ሃያም ሊያንስ ይችላል።

ሁለተኛው እውነታቸው ከታሪካችን የተቀዳ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። እኔም በልጅነቴ የቀበሌያችንን ቡድን በአዳራሹ መስኮት ተንጠልጥዬ አይ ነበር፤ መድረክ ምን እንደሆነ ያወቅሁት በዚያ መስኮት ነው። እኒያ ቡድኖች ከዚያ በፊት መድረክን በሩቁ እንኳ ላላየ ብዙ ወጣት ከበሮና ክራር አስይዘዋል፤ ይህ ውለታ አይካድም። ነገር ግን ግጥሙ ከላይ ታዝዞ ሲወርድ፣ ዜማውም የመፈክር ማጓጓዣ ሲሆን፣ ወጣቱ በፍቅር የያዘውን ከበሮ በግዴታ ይመታው ጀመር። ጊዜው ሲለወጥ አዳራሾቹ ለሌላ አገልግሎት ዋሉ፤ ከበሮዎቹም የደረሱበት አልታወቀም። ከዚህ የምንማረው «ሕዝቡ መዝፈን የለበትም» የሚለውን አይደለም። ፍቅር በትእዛዝ ሲተካ መድረኩ ትእዛዙ እስካለ ድረስ ብቻ እንደሚቆም ነው። ዛሬም «ዘፈኑ ይቀነስ» የምትለው ፍርድ የዚያው በሽታ ሌላ ገጽታ ናት። ያን ጊዜ ሰው ምን እንደሚዘፍን ይታዘዝ ነበር፤ አሁን እንዳይዘፍን ይመከራል። በሁለቱም ጊዜ «አንተስ ምን ትወዳለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

፭

ክርክር ብቻውን አዳራሽ አይከፍትምና የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

ከቴአትር ቤት ኀላፊዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የልምምድ አዳራሻችሁን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለአፍቃሪዎች ክፈቱ። ጥልፍ የምትጠልፈውም፣ ክራር የሚቃኘውም፣ ግጥም በኪሱ ይዞ የሚዞረውም ገብተው ይዩ፤ እጃቸውንም ያዋሱ። ወጪው የአንድ ዘበኛ ሰዓትና የጥቂት መብራት ነው።

ተውኔት የምታሳትሙ ሰዎች ሆይ፣ የዘፈኖቹን ዜማ በኖታ አስጽፋችሁ በመጽሐፉ መጨረሻ አውጡት፤ ቢያንስ ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ ተጽፎ ይቆይ። በታተሙት ተውኔቶቻችን ውስጥ የዘፈን ግጥም እናነባለን፤ ዜማው ግን ከሞቱት ተዋንያን ጋር ተቀብሯል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት የአፍቃሪዎች ደብተሮችና ካሴቶችም ሳይበላሹ ይሰብሰቡ።

መምህራን፣ በትምህርት ሰዓት ጠረጴዛ ሥር ግጥም ሲጽፍ ወይም ጥልፍ ስትጠልፍ ያገኛችሁትን ልጅ ቅጡ፤ ሰዓቱ የሌላ ትምህርት ነውና። ነገር ግን የሠራውን አትቅደዱበት። ከደወል በኋላ ጠርታችሁ እዩለት፤ ምናልባት የሚቀጥለው ትርኢታችሁ ደራሲ እርሱ ነው።

እኔን ለመሰላችሁ ጸሐፊዎች ደግሞ የምለው አጭር ነው። «ቁም ነገረኛ» ለመባል ስትሉ ዘፈናችሁን አትሠዉ። እኔ ሠውቼ ያተረፍሁት የጥቂት ሳምንታት ጭብጨባና አንድ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ነው።

ለገምጋሚዎችም አንድ ነገር ልበል። ከእንግዲህ በጽሑፋችን ኅዳግ ላይ «ዘፈኑ ይቀነስ» ብላችሁ ስትጽፉ የትኛው ዘፈን፣ በየትኛው ትዕይንት፣ ስለ ምን ምክንያት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፤ ስማችሁንም ከሥሩ አኑሩ። ያን ጊዜ ጡረተኛዋ እናት ጥልፋቸውን ይዘው መጥተው «ማን አለ?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰው ይኖረናል።